ቲቸር ደስታ ያልቀመሰችው በግ

ቲቸር ደስታ ማረፏን የሰማሁት ፋርማሲዬ ውስጥ ሰው ተሰልፎ እያለ ነው። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ በእጄ የሳል ሽሮፕ ይዤ ነበር። የደወለችልኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። «ቲቸር ደስታ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈች፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። ከፊቴ ለቆሙት እናት «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ሽሮፑን ሰጠኋቸው። ከዚያ መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። መታመሟን አውቅ ነበር፤ በቅርቡም ሄጄ ጠይቄያታለሁ። ቢሆንም የሚጠበቅ ሞትም ሲመጣ ያው ሞት ነው።

ጎንደር ውስጥ እሷን የሚያውቅ ሰው በሁለት ይከፈላል። ግማሹ በእንግሊዝኛ አስተማሪነቷ ያውቃታል፤ ግማሹ ደግሞ አራዳ ገበያ ባለው የአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ሱቅ ትቆማለች። አንድ ቅዳሜ እኛ የገጠር ልጆች የደንብ ልብስ ጨርቅ ልንገዛ ሄድን። ተማሪዎቿ ስለሆንን ትራራልናለች ብለን ስንከራከር ሜትሩን ከትከሻዋ አወረደችና «ሰኞ አስተማሪያችሁ ነኝ፤ ዛሬ ነጋዴ ነኝ። ነጋዴዋን እንዳታከስሯት» አለችን። ንቅንቅ አላለችም። ጨርቁን ግን ከልኩ አሳልፋ እንደቆረጠችልን ያወቅነው ልብስ ሰፊው ሲነግረን ነው።

አጭር፣ ፈጣን፣ እግሯ መሬት የማይነካ ሴት ነበረች። መነጽሯን ሻሿ ላይ ሰክታ «መነጽሬን ያየ አለ?» ትላለች። ሌላው አስተማሪ ሲቆጣ ይጮሃል፤ እሷ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ያኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ በጥባጭ ሳይቀር ጸጥ ይላል። በእረፍት ሰዓት እቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ትሰግድና እጅጌዋ ለስግደት በታጠበችበት የዉዱእ ውሃ እንደራሰ ወደ ክፍል ትመለሳለች። አንቱ ስንላት አትወድም። «አንቱ ስትሉኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል» ትል ነበር። በዚህ የተነሳ ዛሬም አንቱ ልበላት ብል አፌ አይታዘዘኝም።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሴቶቹን ሰብስባ ልብወለድ ትተርክልን ነበር። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የአፍሪካ ልብወለዶች ናቸው፤ እሷ ግን እየገለጠች በአማርኛ ታወራልናለች። አገሩ ይለያያል እንጂ ብዙዎቹ ውስጥ ያቺው አንዲት ልጅ አለች። በአንድ በኩል እናቷና አክስቶቿ፣ ቃል የተገባለት ባልም አለ፤ በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱና ከተማው ይጠሯታል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ወይ ታብዳለች፣ ወይ ትሞታለች፣ ወይ አገር ጥላ ትጠፋለች። እዚያ ስትደርስ ቲቸር ደስታ መጽሐፉን ጧ አድርጋ ትዘጋና ከደራሲው ጋር እንደ ጎረቤት ትጣላለች።

«ምነው እንደው ሁልጊዜ እሷ ብቻ? ይኼ ሰውዬ ሴት ልጅ የለውም እንዴ?»

አንድ ቀን አንዷ ደፋር «ቲቸር፣ እውነቱን እኮ ነው የጻፈው» አለቻት።

«እውነትማ ነው» አለች። «እውነት ባይሆን ምን ያናድደኝ ነበር?»

ራሷም ብትሆን ከዚያ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። በወጣትነቷ አግብታ ነበር። ሰውየው የነጋዴ ልጅ ነው፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይተዋወቃል። ከተጋቡ በኋላ ማስተማሩን ተይ አላት፤ አልተወችም። እሱም ቀስ እያለ እሷን ተዋት። ክፉ ስታወራበት ሰምቼ አላውቅም። «ሸጋ ሰው ነው። በሩ ግን ጠባብ ነበር፤ ግማሽሽን ውጭ ትተሽ ግቢ አለኝ» ብላ ታስቀን ነበር። የሚገርመው ባሏን ብትፈታም አማቷን አለመፍታቷ ነው። በየበዓሉ ምግብ በሳህን ሸፍና ትወስድላቸዋለች፤ ሲያማቸው አጠገባቸው ታድራለች። አሮጊቷ የሞቱትም «ደስታን ጥሩልኝ» እያሉ ነው ይባላል።

እንዲህ በመሆኗ ለማንም አልተመቸችም። የሰፈሯ ሴቶች «ተምራ ፈረንጅ ሆነች፤ ባል ይሻላል ስትባል ቾክ ይሻላል አለች» ይሏታል። ወጣት አስተማሪዎች ደግሞ «ይህን ሁሉ አንብባ የፈታት ባሏን እናት እግር ታጥባለች» እያሉ ይስቁባታል። ሁለቱንም ትሰማለች። «ሁለቱም ወገን እኩል ካሙኝ ሚዛኑ ደህና ነው» ብላ ታልፈው ነበር። ሐሜቱ የሚያማት ጊዜ ግን ነበረ፤ ያን ቀን ቀኑን ሙሉ አትቀልድም።

እኔ ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ከተማ ስለሆነ ቁስቋም ሰፈር ቄስ አየልኝ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ከጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ፣ ከቤት ስንቅ እያመጣሁ ነበር የምማረው። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ለጥምቀት አገር ቤት ሄጄ ስመለስ፣ እናቴ በሶውንና ደርቆሹን እየቋጠረች «እንግዲህ ስንቅ መቋጠሩም ሊያልቅ ነው። ከፋሲካ ወዲያ ባለቤትሽ ይቀልብሽ» አለችኝ። አባቴ ለአንድ የዘመድ ዘመድ ቃል ሰጥቶ ኖሯል። ሰርጌ ተቆርጦ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቲቸር ደስታ ምንም ሳልነግራት አወቀች። የቤት ሥራ ሳልሠራ ስመጣ «ምነው እናኑ፣ እጅሽን ማን አሰረው?» አለችኝ፤ እኔም አፈረጥኩት። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነገሩ ሲሰማ አንዱ ባልደረባዋ «ለፖሊስ መንገር ነው። ዕድሜዋ አልደረሰም፤ ሕጉ ግልጽ ነው» አላት።

«እሱን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ሲቸግር እሄድበታለሁ» አለችው። «ፖሊስ ሰርጉን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ለፋሲካ ማን ቤት ነው የምትገባው?»

በዚያው ቀን ቁስቋም ድረስ መጣችና ቄስ አየልኝን ሽማግሌ ሁኑኝ አለቻቸው። ሽምግልና የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ሽማግሌ ሆና ሰው ደጅ መቆሟ በእኛ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። ቄሱም ይህንኑ ነገሯት።

«ለዚያ አይደል አባ እርስዎን የምወስድ» አለቻቸው። «እርስዎ ጢም ይሁኑኝ፤ አፍ እኔ እሆናለሁ።»

ቄስ አየልኝ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲረጋጉም የሚሄዱበትን ቅዳሜ ቆረጡ።

እኔ ዓርብ ቀድሜ አገር ቤት ገባሁ። ቤት ያከራዩኝ ቄስና አስተማሪዬ ሊጠይቋችሁ ይመጣሉ አልኩ እንጂ ሌላ ትንፍሽ አላልኩም። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ውሃ ቅጂ ብላ ወደ ምንጩ ላከችኝ፤ እንግዶቹም የደረሱት ያኔ ነው። አባቴ ቄስ አየልኝን ያውቃቸዋል። ከቄስ ጋር ነጠላዋን አጣፍታ የመጣችን ሴት ክርስቲያን አይደለችም ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሰውየው ደግሞ እንግዳ ሲያይ ደስታውን መያዝ የማይችል ነው። ውሃዬን አዝዬ ስመለስ ትልቁ በግ ታርዶ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።

እኛ ዘንድ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ልጅ ተቃቅፈው የሚያሳድጉ ጎረቤቶች እንኳ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ሌላም ደንብ አለ። ለትልቅ ጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማለት እህል አልቀምስም ሊል ይችላል። ሽማግሌ ጦሙን የወጣበት ቤት መንደር ውስጥ ስሙ ይነሳል፤ ባለቤቱም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። አባቴ የፈራው ይህንን ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው በሐሳቡም አልነበረ።

እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን በመጋረጃው ቀዳዳ እናያለን። ቲቸር ደስታ ስለ እኔ ተናገረች፤ ትጨርስ፣ ቢያንስ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ አለች። አባቴም በትሕትና «ቃል ሰጥቻለሁ፤ የተሰጠ ቃል አይመለስም። ይልቅ እህል ቅመሱ» አለ። ጥብሱ ቀረበ። ቲቸር ደስታ እጇን አልዘረጋችም። ቄስ አየልኝም ጉዳዩ ስለገባቸው ብቻቸውን መብላት አፍረው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ምነው አይበሉም?» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

«እማ፣ እሷ እኮ እስላም ናት።»

እናቴ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች። ወጥታ እንዳትናገር ሽማግሌ በተቀመጠበት ሴት አትገባም፤ ዝም እንዳትል እንግዳ ጦሟን ልትቀር ነው። ባለችበት ቀረች።

አባቴ ትሪውን አየ፤ ሁለቱን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ እዚያ ሆኜ ታየኝ። «አሃ፣ እንዲህ ነው ነገሩ» አለ። «እኔ ሞላ እንግዳ ጦሙን ከቤቴ አላወጣሁም፤ ዛሬም አላወጣ። እህሌን አትግፉብኝ። እሺ፣ ትማር። ለወንድየውም ቤት እኔው እነግራለሁ። አሁን ብሉልኝ።»

ጓዳው ውስጥ ቁጭ አልኩ። አለቀ። ተርፌያለሁ። ከእንግዲህ ቲቸር ደስታ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ፣ ሆዴን አሞኛል ብላም ቢሆን፣ በሆነ ዘዴ ትወጣዋለች። ቄስ አየልኝም በዓይናቸው ይህንኑ እየነገሯት ነበር።

«አያ ሞላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «እኔ እስላም ነኝ። ያልበላሁት ለዚያ ነው እንጂ እርስዎን ላስጨንቅ አይደለም። በጉ ታርዶ ሳየው እርስዎን ማሳፈር ከብዶኝ ዝም አልኩ። እህሌ ተገፋ ብለው የሰጡኝን ቃል ግን አልወስደውም፤ መልሼልዎታለሁ።»

ያኔ የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር፤ ጠላኋት። የእኔን ሕይወት እጇ ካስገባች በኋላ፣ እንደማይፈልጉት ጨርቅ መልሳ ጠረጴዛ ላይ ያኖረችው መሰለኝ።

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። «ደስታ፣ ምን ጉድ ሠራሽ?» አሏት ቄስ አየልኝ። እሷ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ጥቂት ቆይቶ አባቴ በጓሮ በኩል ወደ እኛ ገባ። ጓዳ ሲገባ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴን «ሥጋ ያልነካው ምን አለሽ?» አላት። ሽሮ ነበረ። በሌላ ሳህን፣ በሌላ ጭልፋ አስወጣና ራሱ ተሸክሞ አቀረበላት።

ቲቸር ደስታ በላች። እንደ እንግዳ ቆንጠር ቆንጠር አይደለም፤ መንገድ እንደመታው ሰው ጥርግ አድርጋ በላች። ቄስ አየልኝም እፎይ ብለው ወደ ጥብሱ ዞሩ።

«በላሽ?» አላት አባቴ። እስካሁን እርስዎ ሲላት የቆየው ሰው አሁን አንቺ አላት፤ በእኛ አገር ይኼ ዝምድና ነው።

«በላሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አሁን እምቢ ብልሽስ?»

«በልቼ ሄድኩ ማለት ነዋ። እህልዎን ጠልቼ ነው የሄድኩት ብሎ የሚያማዎት የለም። እንግዲህ ማንም ሳያስገድድዎ ይከልክሉኝ ወይ ይስጡኝ።»

አባቴ ሊስቅ ቃጣው፤ ተወው። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረ። «እኔ ልጄን የጠላሁ እንዳይመስልሽ። ከዚህ በላይ ያለ ወንድሜ ልጁን አስተማረ። ልጅቷ ከተማ ቀረች፤ ከዚያ ዓረብ አገር ሄደች፤ እናቷ ስትሞት እንኳ አልመጣችም። ቅርብ ብድራት ቢያንስ የቤቷን ጢስ አያለሁ ብዬ ነው።»

«አያ ሞላ፣ እኔም ተምሬያለሁ፤ የአባቴን ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የምከፍተው እኔ ነኝ። ትምህርት አይደለም ልጅ የሚያስቀር። ተጣልቶ የወጣ ልጅ ነው የሚቀር።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞረ። «እናኑ፣ ነይ እስቲ ውጪ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

በሕይወቴ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ወጣሁ። እርዳታ ፈልጌ ቲቸር ደስታን አየኋት፤ እሷ ግን ዓይኗን ከባዶው ሳህን አላነሳችም። መልሱ የእኔ ብቻ እንዲሆን እንደፈለገች አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን የተወችኝ መሰለኝ። «አባዬ፣ ልማር። ተምሬም እመጣለሁ» አልኩ።

«መምጣትሽን ማን ዋስ ይሆናል?»

«እኔ» አለች ቲቸር ደስታ ወዲያው። «ብትቀርብዎ አራዳ ይምጡና እኔን ይያዙ።»

አባቴ እጁን ዘረጋላትና ተጨባበጡ። በማግስቱም ከቄስ አየልኝ ጋር ወደ ወንድየው ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሰዎቹ ተቆጡ፤ ለጊዜው ሰላምታም ተቋረጠ። አባቴ ግን ያንን አንድም ቀን ቆጥሮብኝ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት ወደ ማክሰኝት ስንመለስ ቲቸር ደስታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ለምን መለስሽለት?» አልኳት፤ ቁጣዬ አልበረደም።

«ነገ ከነገ ወዲያ እስላም መሆኔን መስማቱ ይቀራል? ያኔ አታለሉኝ ይላል። ትምህርቱ ይኖርሻል፣ ቤትሽ ግን ይቀርብሻል። አንዱን ሰጥቼ አንዱን የምነጥቅሽ ከሆነ ምኑን ሽማግሌ ሆንኩ?» አለችኝ። ቀጥላም «ደግሞ እንዳንቺው ነው የፈራሁት። እምቢ ቢል ኖሮ ሰኞ እንዴት ፊትሽን አይ ነበር?» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ዋስነቱን እንደ ዋዛ አልያዘችውም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አገር ቤት መቼ ሄድሽ?» የሚል ነበር። ውጤቴን የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ ይዤ ቸል ያልኩ ጊዜ «ሰውየው መጥቶ እንዲይዘኝ ነው የምትፈልጊ?» ብላ ታስደነግጠኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ለገበያ ጎንደር በገባ ቁጥር አራዳ ጎራ ይላል። ሱቁ በር ላይ በርጩማ ይሰጡታል፤ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ያወራሉ፤ እኔንም ያሙኛል። ባል ያገባሁት በራሴ ምርጫ፣ በአባቴ ምርቃት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ሰው ምን ያህል ባለጸጋ እንደሆነ የማውቀው አንዱን ያጡ ጓደኞቼን ሳይ ነው።

ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ ሆኜ ለአባቴ ደወልኩ። አርጅቷል፤ ስልክ ላይ መጮህ ያስፈልጋል። «አባዬ፣ ቲቸር ደስታ አረፈች!» አልኩት።

«ልቅሶውን ማን ይቀመጣል?» አለኝ።

«ወንድሟ ሰዒድ አለ፤ ሚስቱም አለች።»

«ልጅስ?»

«ልጅ የላትም እኮ አባዬ።»

«ማነው የላትም ያለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ተነሺ! ያን ነጭ ካፖርትሽን አውልቂና ሂጂ። ጠያቂ ሆነሽ እንዳትመለሺ፤ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጪ። እኔም መንገዱ ሰላም ከሆነ ጠዋት እደርሳለሁ።»

ፋርማሲውን ዘግቼ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሰዒድ ሲያየኝ አለቀሰ፤ ሚስቱም ጠጋ ብላ ከቤተሰቡ ሴቶች መሀል ቦታ ሰጠችኝ። አጠገቤ የነበሩ የማላውቃቸው አንዲት አሮጊት አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ፤ ፊቴን አዩ።

«አንቺስ ምኗ ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ልጇ ነኝ» አልኳቸው።